የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቁሱ ከነጥብ ወደ ነጥብ የሚለዋወጥ አካል በኮምፒውተር እንዴት ይነደፋል?

ባለፈው እትም ስለ ካድ፣ ማለትም አካላት በኮምፒውተር ስለሚነደፉበት ሶፍትዌር አጠቃቀም ከጻፍን በኋላ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ሆነው አገኘናቸው። ሁሉም የሚጠይቁት ከአንድ ወጥ ቁስ ስላልተሠሩ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ስንሄድ ቅንብራቸው ቀስ በቀስ ስለሚለወጥ አካላት ነው። ስለዚህ የዛሬውን አምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ስሆን የመመረቂያ ሥራዬ አንዱ ፊቱ የማይዝግ ብረት፣ ሌላው ፊቱ ዚርኮኒያ የተባለው ሴራሚክ የሆነ የ10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዝርግ ነው። በመካከሉ ቁሱ ከብረት ወደ ሴራሚክ ቀስ በቀስ እንዲሸጋገር እፈልጋለሁ። ሶፍትዌሩ ለአንድ አካል አንድ ቁስ ብቻ ስለሚያስመርጠኝ ዝርጉን ባለ 1 ሚሊ ሜትር አሥር ንብርብሮች አድርጌ ከፋፈልኩት። ሆኖም በሙቀት የሚፈጠረውን ውጥረት ሳሰላ በየንብርብሩ መገናኛ ላይ ውጤቱ በድንገት ይዘላል። የተሳሳትኩት የት ላይ ነው? (ተማሪ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ስሌቱ ላይ አልተሳሳቱም። ያሰሉት ውጥረት አሥር የተለያዩ ንብርብሮች ተጣብቀው ለተሠራ ዝርግ ትክክለኛ ነው፤ ችግሩ እርስዎ ሊሠሩት የፈለጉት ዝርግ ያ አለመሆኑ ነው። ኮምፒውተሩ የተነገረውን አካል አስልቷል፤ ያሰቡትን አካል ግን ሊነግሩት የሚችሉበት መንገድ አልሰጠዎትም።

ይህ እጥረት የመጣው ከካድ መሠረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ቮልከርና ሬኪቻ፣ በእንግሊዝ ካምብሪጅ ደግሞ ኢያን ብሬይድና ባልደረቦቹ የጠጣር አካላትን የኮምፒውተር ሞዴል ሲመሠርቱ፣ ሞዴሉ እንዲመልስ የፈለጉት ጥያቄ አንድ ነበር፦ ይህ ነጥብ ከአካሉ ውስጥ ነው፣ ከውጭ ነው፣ ወይስ በድንበሩ ላይ ያረፈ ነው? አንድ ወጥ ሆኖ ከፋብሪካ የወጣ ብረት በቶርኖና በፍሬዛ ለሚቀረጽበት ሥራ ከዚህ ሌላ ምንም አያስፈልግም ነበር። ድንበሩ ከታወቀ በውስጡ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ የቁሱንም ስም በሥዕሉ ጥግ ላይ መጻፍ ይበቃል። ዛሬ የምንጠቀምባቸው አብዛኞቹ ሶፍትዌሮች የዚያ አስተሳሰብ ልጆች ናቸው።

የእርስዎ ዓይነት ዝርግ ግን ሁለተኛ ጥያቄ ያስከትላል፦ ነጥቡ ከአካሉ ውስጥ ከሆነ፣ እዚያ ያለው ቁስ ምንድን ነው? ጥያቄው አንገብጋቢ ሆኖ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1984 በጃፓን፣ ለኅዋ አውሮፕላን የሚሆን የሙቀት መከላከያ ሲፈለግ ነበር። የሚፈለገው ቁስ በውጭ ፊቱ 2000 ኬልቪን፣ በውስጥ ፊቱ 1000 ኬልቪን እየተሸከመ፣ ውፍረቱ ከ10 ሚሊ ሜትር ማነስ ነበረበት። ሴራሚክ ሙቀቱን ይችላል፣ ነገር ግን ይሰነጠቃል፤ ብረት አይሰነጠቅም፣ ነገር ግን ሙቀቱን አይችልም። ሁለቱን ማጣበቅም መፍትሔ አልሆነም። ምክንያቱን ከራስዎ ዝርግ ማየት ይችላሉ፦ የማይዝግ ብረት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ከርዝመቱ 17 ሚሊዮንኛ ያህል ሲለጠጥ ዚርኮኒያ ግን 10 ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ይለጠጣል። የ100 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለውን ዝርግ በ500 ዲግሪ ቢያሞቁት ብረቱ ከሴራሚኩ 0.35 ሚሊ ሜትር አብልጦ መርዘም ይፈልጋል። ሁለቱ በአንድ መስመር ከተጣበቁ ይህ ልዩነት በሙሉ የሚያርፈው በዚያች አንዲት መስመር ላይ ነው፤ ሽፋኑም ከዚያው ይላቀቃል። የጃፓን ተመራማሪዎች ያመጡት ሐሳብ መስመሩን ራሱን ማጥፋት ነበር፤ ልዩነቱ በውፍረቱ ሁሉ ተከፋፍሎ የትም ቦታ ላይ የማይከማችበት ሽግግር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በዚሁ ላይ ያተኮረ ብሔራዊ የምርምር ፕሮጀክት ጀመሩ።

ወደ ሞዴሉ ስንመለስ፣ መፍትሔው ዝርጉን ወደ ብዙ አካላት መከፋፈል ሳይሆን አንድ አካል አድርጎ መተው፣ ቁሱን ግን የቦታ ፈንክሽን፣ ማለትም በየነጥቡ ያለውን ቅንብር የሚሰጥ ቀመር አድርጎ መጻፍ ነው። ከብረቱ ፊት ያለውን ርቀት በውፍረቱ ሲያካፍሉት ከ0 እስከ 1 የሚደርስ ቁጥር ያገኛሉ፤ ያንን ቁጥር በአንድ ፓወር ከፍ ሲያደርጉት የሴራሚኩን የይዘት ድርሻ ይሰጥዎታል፤ የብረቱ ድርሻ ደግሞ ከ1 ላይ የሚቀረው ነው። ፓወሩ 1 ከሆነ በዝርጉ መካከል ላይ ሴራሚኩ 50 በመቶ ይሆናል፤ 2 ከሆነ 25 በመቶ፣ 0.5 ከሆነ ደግሞ 71 በመቶ ገደማ። በዚህ መንገድ የሽግግሩ መልክ በሙሉ በአንድ ቁጥር ይወሰናል፤ ያንን ቁጥር እየለዋወጡ ዝቅተኛውን ውጥረት መፈለግም ለመመረቂያ ሥራ የሚበቃ ጥናት ይመስለኛል።

አካሉ ዝርግ ሳይሆን ውስብስብ ቅርጽ ሲኖረው አንድ አቅጣጫ ብቻ አይበቃም። እዚያ ላይ የሚሠራበት ዘዴ ምንጮችን መምረጥ ነው፦ ይህ ፊት ንጹሕ ብረት ነው፣ ያ ፊት ንጹሕ ሴራሚክ ነው ይሉና፣ በመካከል ያለው እያንዳንዱ ነጥብ ከሁለቱ ባለው ርቀት መጠን ድርሻ ይቀበላል። ቅርብ የሆነው ምንጭ የበለጠ ይጎትተዋል። ለምሳሌ ከብረቱ 2፣ ከሴራሚኩ 8 ሚሊ ሜትር የራቀ ነጥብ፣ ድርሻው ከርቀቱ ጋር በተገላቢጦሽ ከተሰላ፣ 80 በመቶ ብረት ይሆናል፤ የርቀቱ ካሬ ከተወሰደ ግን ወደ 94 በመቶ ይወጣል። በየነጥቡ የድርሻዎች ድምር ሁልጊዜ 1 መሆን አለበት፤ ይህን ሕግ የጣሰ ሞዴል ወይ ባዶ ቦታ ወይም በአንድ ቦታ ላይ የተደራረበ ቁስ ይዟል ማለት ነው። ቢስዋስ፣ ሻፒሮና ሱካኖቭ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ይህን የርቀት አቀራረብ በጥብቅ ሒሳብ ያቀረቡት ሲሆን፣ ከዚያ ቀደም በ1990ዎቹ መጨረሻ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ኩማርና ዱታ የጠጣር አካላትን ንድፈ ሐሳብ በማስፋት ለእያንዳንዱ ነጥብ ከቦታው ጋር የቁስ ቅንብሩንም ያያዘ ሞዴል አቅርበው ነበር።

አሁን ብዙ ተማሪዎች ሳያስተውሉት ወደሚያልፉት ጉዳይ እንምጣ። የቁስ ድርሻን ማወቅና የቁስ ጠባይን ማወቅ አንድ አይደሉም። የማይዝግ ብረት የሙቀት ማስተላለፍ አቅሙ 16 ዋት በሜትር በኬልቪን ያህል፣ የዚርኮኒያ ደግሞ 2 ያህል ነው። እኩል በእኩል ቢቀላቀሉ ስንት ይሆናል? ሙቀቱ በሁለቱ ውስጥ ጎን ለጎን የሚያልፍ ከሆነ 9 ይሆናል፤ አንዱን አልፎ ሌላውን እየተከተለ የሚሄድ ከሆነ ግን 3.6 ገደማ ብቻ ነው። እውነተኛው መልስ በእነዚህ ሁለት ወሰኖች መካከል ሲሆን፣ የት ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው የጥራጥሬዎቹ ቅርጽና አደራደር ነው፤ ማለትም የትኛው ቁስ ሌላውን ከብቦ ይዞታል የሚለው ነው። በሽግግሩ ውስጥ ደግሞ ይህ ራሱ ይለወጣል፦ በብረቱ አቅራቢያ የሴራሚክ ጥራጥሬዎች በብረት ባሕር ውስጥ ይገኛሉ፤ በሴራሚኩ አቅራቢያ ሚናቸው ይገለበጣል። ሃሺንና ሽትሪክማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወሰኖቹን ያጠበቡበት ሥራ እስከ ዛሬ መነሻ ሆኖ ያገለግላል። በጽሑፍዎ ውስጥ የትኛውን የቅልቅል ሕግ እንደተጠቀሙ በግልጽ እንዲጽፉ አጥብቄ እመክርዎታለሁ፤ ሕጉ ያልተጠቀሰበት ውጤት ምንም ያህል ያማረ ሥዕል ቢኖረው ሌላ ሰው ሊፈትሸው አይችልም።

በስሌቱ በኩልም መንገድ አለ። አካሉን ኤለመንት ወደሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ በሚያሰላው በፋይናይት ኤለመንት ዘዴ እያንዳንዱ ኤለመንት አንድ የተወሰነ ጠባይ ከሚሰጠው ይልቅ፣ ሶፍትዌሩ ስሌቱን በሚያካሂድባቸው የውስጥ ነጥቦች ሁሉ ላይ ፈንክሽኑን እየጠየቀ ጠባዩን እንዲያነብ ማድረግ ይቻላል። ብዙ ሶፍትዌሮች የቁስ ጠባይ በአንድ የመስክ ተለዋዋጭ፣ ማለትም ዋጋው ከቦታ ቦታ በሚለያይ መጠን ላይ እንዲመሠረት ይፈቅዳሉ፤ የሴራሚኩን ድርሻ ያንን ተለዋዋጭ አድርገው ያስገቡትና በኤለመንቶቹ ማዕዘኖች ላይ ዋጋውን ይስጡ። ያኔ ዝላዮቹ ይጠፋሉ። ንብርብሮቹን ግን ጨርሰው አይጣሏቸው፦ ዝርጉ የሚመረተው ዱቄት በንብርብር ተነጥፎ በመተኮስ ከሆነ፣ የሚያገኙት አካል በእርግጥም ደረጃ ደረጃ ያለው ስለሚሆን ሁለቱንም አስልቶ ማወዳደር ይገባል።

ጥያቄ፦ የቀርከሃ ወንበርና አልጋ እየሠራሁ ቤተሰብ አስተዳድራለሁ። ካድ የተማረው ልጄ ቀርከሃውን እንደ ቱቦ ስሎ የሚሸከመውን ክብደት ቢያሰላም እኔ በእጄ ከማውቀው ያነሰ ሆነበት። ውጩ ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ መሆኑን ለኮምፒውተሩ መንገር ይቻላል? (የእንጨትና ቀርከሃ ባለሙያ፣ ከእንጅባራ)

መልስ፦ ይቻላል፤ የእጅዎ እውቀትም ትክክል ነው። ቀርከሃ የዚህ ሁሉ ሐሳብ ከሁሉ የተሻለ መምህር ነው። ጥንካሬውን የሚሰጡት ቁመቱን ተከትለው የሚሄዱት ቃጫዎች ሲሆኑ፣ እነርሱም በግድግዳው ውስጥ እኩል አልተበተኑም። በብዛት በተጠናው የእስያ ሞሶ ቀርከሃ ቃጫው በውጩ ቆዳ አቅራቢያ 60 በመቶ ያህል ሲሆን በውስጠኛው ፊት ወደ 15 በመቶ ገደማ ይወርዳል። የደጋው ቀርከሃችንም በዚሁ መልክ ውጩ የጠጠረ ነው፤ ለራሱ ዝርያ ግን ቁጥሩ በቀጥታ ተለክቶ መግባት ይኖርበታል።

ልጅዎ ያነሰ መልስ ያገኘው ግድግዳውን በሙሉ አንድ አማካይ ጥንካሬ ሰጥቶት ሊሆን ይችላል። አንድ ዘንግ ሲጎብጥ እያንዳንዱ ክፍል የሚያበረክተው ግትርነት ከመካከለኛው መስመር ባለው ርቀት ካሬ ይባዛል፤ ስለዚህ ያው ቃጫ ራቅ ብሎ ከውጭ ሲቀመጥ ብዙ እጥፍ ይሠራል። ያንኑ የቃጫ መጠን በእኩል የበተነ ሞዴል የቀርከሃውን ብርታት አሳንሶ ያያል። ለሞዴሉ ምንጩ የውጩ ቆዳ ይሁን፤ የቃጫው ድርሻ ደግሞ ከቆዳው ባለው ርቀት ይቀንስ። አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል፦ ቃጫ አቅጣጫ አለው። በቁመቱ ሲጎተት እጅግ ብርቱ የሆነው ይኸው ቁስ በጎን ሲሰነጠቅ ደካማ ነው፤ ስለዚህ ሞዴሉ በየነጥቡ ድርሻን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫንም መያዝ አለበት። በአንጓው ላይ ቃጫዎቹ ስለሚጠማዘዙና ስለሚሻገሩ ያ ቦታ ለብቻው መታየት ይኖርበታል። የቆላው ቀርከሃ ደግሞ ውስጡ በአብዛኛው ባዶ ስላልሆነ በቱቦ ሳይሆን በድፍን ዘንግ ይወከል።

ለሥራዎ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል፦ የቀርከሃውን ቆዳ ለማሳመር ሲልጡ የሚያነሱት ከሁሉ የበረታውን ክፍል ነው። ሞዴሉ በትክክል ከተሠራ ግማሽ ሚሊ ሜትር መላጥ ምን ያህል እንደሚያሳጣ ከመላጥዎ በፊት ሊነግርዎት ይችላል።

ጥያቄ፦ በስሪዲ ማተሚያ ከጠንካራ ፕላስቲክ ወደ እንደ ጎማ ለስላሳ ፕላስቲክ የሚሸጋገር እጀታ ነደፍኩ። ፋይሉን ኤስ ቲ ኤል በተባለው የፋይል ዓይነት ሳወጣው ግን ሽግግሩ ጠፋ። (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ኤስ ቲ ኤል እ.ኤ.አ. በ1987 ፈሳሽ ፕላስቲክን በብርሃን እያጠነከረ ከሚያትመው ከስቴሪዮሊቶግራፊ ጋር የመጣ ሲሆን፣ የሚያውቀው የውጩን ገጽ የሚሸፍኑ ጎነ ሦስቶችን ብቻ ነው፤ ስለ ውስጡ የሚጽፍበት ቦታ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2011 መስፈርት ሆኖ የጸደቀው ኤ ኤም ኤፍ የተባለው የፋይል ዓይነት በአንድ አካል ውስጥ የቁስ ድርሻን በቀመር መጻፍ ይፈቅዳል፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ እየተስፋፋ ያለው ሌላው የፋይል ዓይነት ስሪ ኤም ኤፍም ብዙ ቁሶችን ይይዛል። ማተሚያዎ ከእነዚህ የትኛውን እንደሚያነብ አስቀድመው ይመልከቱ፤ ፋይሉ ሽግግሩን ቢይዝም ማሽኑ ሊያነበው ካልቻለ መጨረሻ ላይ የሚታተመው ያው አንድ ወጥ አካል ነው።

አካሉን ወደ ትናንሽ ኩቦች፣ ማለትም ወደ ቮክስሎች መበተንም ይቻላል፤ ዋጋው ግን ከፍተኛ ነው። የ10 ሴንቲ ሜትር ኩብ በ0.1 ሚሊ ሜትር ጥራት አንድ ቢሊዮን ቮክስል ይሆናል፤ ጥራቱን ወደ 0.05 ቢያሻሽሉት ስምንት ቢሊዮን። ስለዚህ ሽግግሩን እስከ መጨረሻው ሰዓት በፈንክሽን ይዞ፣ ወደ ቮክስል የሚለውጡት ማሽኑ አንዱን ንብርብር ሲጠይቅ ብቻ ቢሆን ይሻላል። ጠብታ እየረጩ የሚያትሙ ማሽኖች እያንዳንዷን ጠብታ ከአንድ ቁስ ብቻ ስለሚያደርጉ፣ 30 በመቶ የሚባለው ድርሻ የሚገኘው ከአሥር ጠብታ ሦስቱ ለስላሳ በመሆናቸው ነው፤ ግራጫው የጋዜጣ ፎቶግራፍ ቀረብ ብለው ሲያዩት የጥቁር ነጥቦች ስብስብ እንደሆነው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በብረታ ብረት ሥራ ላይ ነኝ። በሌዘርና በዱቄት ከሚገነባ ማሽን ጋር የመሥራት ዕድል አግኝቻለሁ። ቲታኒየምን ከማይዝግ ብረት ጋር ቀስ በቀስ እያሸጋገርኩ ባገናኝ፣ በኮምፒውተሩ ላይ በጣም ለስላሳ የነበረው ሽግግር በተግባር ተሰነጠቀ። ለምን? (መሐንዲስ)

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይልቅ ወደ ጉዳዩ እምብርት ይገባል። በሥዕሉ ላይ ከቲታኒየም ወደ ብረት ያለው መንገድ ቀጥተኛ መስመር ነው፤ በኬሚስትሪው ላይ ግን ያ መስመር በአደገኛ ቦታ ያልፋል። ብረትና ቲታኒየም በመካከለኛ ድርሻ ሲገናኙ ዝም ብለው አይቀላቀሉም፤ ተዋሕደው እንደ መስታወት የሚሰባበሩ አዳዲስ ውሕዶች ይፈጥራሉ። አካሉ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠረውን መኮማተር እነዚህ ውሕዶች ሊሸከሙት አይችሉም። ስለዚህ ሽግግሩ ይበልጥ ቀስ ባለ መጠን በአደገኛው ክልል ውስጥ የሚያልፈው ቁስ ይበዛል እንጂ አያንስም። ሁለት ቁሶችን ባገናኘን ቁጥር አዝጋሚ ሽግግር ይሻላል የሚለው ልማድ እዚህ ላይ ይሰበራል።

ተመራማሪዎች የሞከሩት መፍትሔ በሦስተኛ ቁስ በኩል መዞር ነው። የናሳ የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ሰዎች ከቲታኒየም ቅይጥ ወደ ቫናዲየም የሚሸጋገሩ አካላትን ሠርተዋል፤ ቲታኒየምና ቫናዲየም የሚሰባበር ውሕድ ሳይፈጥሩ ይስማማሉ። ነገር ግን ከቫናዲየም ወደ ማይዝግ ብረት የሚወስደው ቀጣዩ እግርም ከስጋት ነጻ አይደለም፤ ብረት፣ ክሮሚየምና ቫናዲየም በተወሰነ ድርሻ ሲገናኙ ሲግማ የተባለው ተሰባሪ ቅርጽ ይወለዳል። በዚህኛው መንገድም ስንጥቅ የታየባቸው ሙከራዎች አሉ።

ከዚህ የሚከተለው የሞዴል ለውጥ ቀላል ግን መሠረታዊ ነው። የሦስት ቁሶች ቅንብር በሙሉ በአንድ ጎነ ሦስት ላይ ሊሳል ይችላል፤ ማዕዘኖቹ ንጹሕ ቁሶች ናቸው፣ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ ድምሩ 1 የሆነ ቅልቅል ነው። በአካሉ ውስጥ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ሲሄዱ በዚያ ጎነ ሦስት ላይም አብረው እየተጓዙ ነው። አደገኛዎቹን ክልሎች ከፌዝ ዳያግራም፣ ማለትም በየድርሻው የትኛው ውሕድ እንደሚፈጠር ከሚያሳየው ሥዕል ወስደው በጎነ ሦስቱ ላይ ምልክት ያድርጉባቸው፤ ከዚያ መንገዱ እነርሱን እንዲዞር ይንደፉት። ሊታለፍ የማይችል ጠባብ ክልል ቢኖር ቀስ ብሎ ከማቋረጥ ይልቅ በአንድ እርምጃ መሻገር፣ ማለትም ሆን ተብሎ ቅንብሩን በድንገት መለወጥ ይሻል ይሆናል። ለመጀመሪያው ጠያቂያችን ዝላይ እንዳይኖር መከርኩ፤ ለእርስዎ ደግሞ ዝላይ የሚያስፈልግበት ቦታ ሊኖር እንደሚችል እናገራለሁ፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከቁሶቹ ጠባይ ነው።

በመጨረሻ የማሽኑን ጠባይም ወደ ሞዴሉ ያስገቡ። ዱቄቱ ከመያዣው ተነሥቶ እስከ አፍንጫው ድረስ ለመጓዝ ጊዜ ስለሚወስድበት፣ ትእዛዙ ሲለወጥ ቅንብሩ ወዲያው አይለወጥም፤ በተጨማሪም ሌዘሩ ያቀለጠው አዲስ ንብርብር ከሥሩ ያለውን በከፊል መልሶ ያቀልጠዋል። ስለዚህ በኮምፒውተሩ ላይ የሳሉት መስመርና በአካሉ ውስጥ የሚገኘው መስመር አይገጣጠሙም፤ አንዱ ከሌላው ተንሸራቶ ይገኛል። መጀመሪያ አንድ ትንሽ አምድ ይገንቡ፤ በቁመቱ ቆርጠው ቅንብሩን በየሚሊ ሜትሩ ያስለኩ፤ የተለካውን መስመር ከታዘዘው ጋር አስተያይተው መዘግየቱን ያውጡ፤ ዋናውን አካል ከመገንባትዎ በፊትም ትእዛዙን በዚያ መጠን አስቀድመው ያርሙት።